ከጆሮዬ ወደ ዲጂታል ጌጅ

ጡረታ ስወጣ የቸገረኝ መቀመጡ ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ የመንግሥት መኪና ስነዳ ቁጭ ብዬ ነው የኖርሁት፤ ግን ቁጭ ያልሁበት ነገር ይሄድ ነበር። የማይሄድ ወንበር ላይ መቀመጥ አልችልበትም። ደብረ ታቦር እቤቴ ጠዋት እነሳና ከበር እስከ አጥር፣ ከአጥር እስከ በር እመላለሳለሁ። ባለቤቴ ጥሩወርቅ ታገሰችኝ፣ ታገሰችኝና አንድ ቀን፣ «አንተ ሰውዬ፣ እሾህ ላይ ነው እንዴ የተቀመጥኸው? ወይ ውጣ ወይ ግባ፤ በሩን ጨረስኸው» አለችኝ።

ወጣሁላት። ያለችንን ጥሪት አሟጠን አንድ አሮጌ የናፍታ ሚኒባስ ገዛንና ከደብረ ታቦር ወረታ፣ ከወረታ ይፋግ ሰው ማመላለስ ጀመርሁ። ስለ ገንዘቡ ከዚህ በላይ አላወራም፤ ገንዘብ ሲነሳ ራሴን ያመኛል። ለመጻፍ ያስነሳኝ ሌላ ነው። ጆሮዬ እየሄደ ነበር።

ሌላው ሰው ጆሮው ሲደክም ሬዲዮውን ከፍ ያደርጋል፣ ያበቃል። እኔ ግን ሞተር የምነዳው በጆሮዬ ነው። ዓይኔ የመንገዱ ነው፣ እጄ የመሪው ነው፣ ሞተሩ የጆሮዬ ነው። ጆሮዬ ከሄደ መንዳቴ ሄደ ማለት ነው። መንዳቴ ከሄደ ደግሞ ያ በርና ያ አጥር እየጠበቁኝ ነው። ፈራሁ። ሞትን እንኳ እንደዚያ የፈራሁት አይመስለኝም።

በጆሮ መንዳት ያስተማሩኝ ጋሽ ወርቁ ይባላሉ፤ ነፍሳቸውን ይማረው። ገና በወጣትነቴ አንድ መሥሪያ ቤት በሹፌርነት ስቀጠር የሹፌሮቹ አለቃ እሳቸው ነበሩ። አጭር፣ ቁጡ፣ ከሰው ይልቅ ከብረት ጋር የሚግባቡ ሰው። የመጀመሪያው ቀን መሪውን ለእኔ ሰጥተው ወደ ጋይንት ስንወጣ ከኪሳቸው መሐረብ አወጡና ዳሽቦርዱ ላይ ዘርግተው ጌጆቹን ሁሉ ሸፈኗቸው።

«ምን ታያለህ?» አሉኝ።

«ምንም አይታየኝም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያ ስማ።»

እስከ ክምር ድንጋይ መሐረቡ አልተነሳም። እዚያ ስንቆም «ሞተሩ ምን አለህ?» ብለው ጠየቁኝ። ምንም አላለኝም አልሁ። «ነግሮሃል፤ አንተ ነህ ያልሰማኸው» አሉና ሻያቸውን ሊጠጡ ገቡ። እኔ ሻይ አልታዘዘልኝም።

የጋሽ ወርቁ ነገር ብዙ ነው። መስኮት አይዘጉም ነበር። በሐምሌ፣ ጉና ጭጋጉን ተከናንቦ፣ ዝናቡ በጎን እየገባ መስኮታቸው ክፍት ነው፤ የሞተሩን ድምፅ በመስኮት ነው የሚያዳምጡት። ከኋላ የተቀመጡት የመሥሪያ ቤቱ ባለሙያዎች ጋቢ በጋቢ ላይ ደርበው ይንቀጠቀጣሉ። «ጋሽ ወርቁ፣ ኧረ ብርድ ገደለን» ሲሏቸው፣ «እናንተ ብትታመሙ ሐኪም ቤት አለ። መኪናው እዚህ ቢታመም ምን አለ?» ይላሉ። ካቻቢቴያቸው ረጅም ነው፤ ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ የእንጨት እጀታውን ጆሯቸው ላይ ያደርጉና ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ዳገት ጨርሰው ሲቆሙም ሞተሩን ወዲያው አያጠፉትም። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ትንፋሹን እስኪመልስ ይጠብቁታል፤ የቸኮለ አለቃ አጠገባቸው ቢቁነጠነጥ ጉዳያቸው አይደለም።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ደንብ ነበራቸው። ዳገትና ቁልቁለት ላይ ለሹፌር አይወራም። አንድ አዲስ የመጣ ኃላፊ ይህን አያውቅም። የጋይንትን ቁልቁለት ስንወርድ ጋቢና ተቀምጦ ስለ አዲሱ ዕቅድ፣ ስለ ስብሰባው ያወራል፣ ያወራል። ጋሽ ወርቁ ጥግ ያዙ፣ መኪናዋን አቆሙ፣ ሞተሩን አጠፉ፣ ክንዳቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። ኃላፊው «ምን ሆነ?» ሲል፣ «ይጨርሱ። እርስዎ ሲጨርሱ እንሄዳለን» አሉት። በሳምንቱ ከላንድክሩዘር አውርዶ ውሃ የሚጭን ቦቴ ላይ መደባቸው። እኛ ተናደድንላቸው፤ እሳቸው ግን «ተገላገልሁ፤ ውሃ አያወራም» አሉን።

እኔ ጆሮ ማውጣቴን ያወቅሁት እሳቸው ቦቴው ላይ ሳሉ ነው። የክትባት ሠራተኞች ጭኜ የጉናን ወገብ ስዞር ከሞተሩ ፊት ለፊት ቀጭን ጭውታ ሰማሁ፤ ትንኝ ጆሮህ ሥር ስትመጣ እንደምታሰማው። ቆምሁ። ነርሶቹ «ምን አለ? ደህና አይደል እየሄደ ያለው?» አሉኝ። ኮፈኑን ከፍቼ ማራገቢያውን በእጄ ብነቀንቀው ሊወልቅ እንደደረሰ ጥርስ ተነቃነቀ። የውሃ ፓምፑ ኩሽኔታ አልቆ ነበር። ትንሽ ብቀጥል ማራገቢያው ተነቅሎ ራዲያተሩን ይበላውና በዚያ ብርድ እዚያው ነበር የምናድር። ወሬው ደርሷቸው ጋሽ ወርቁ ጋራዥ ሲመጡ ጎበዝ አላሉኝም። ያቺን ካቻቢቴ ሰጡኝና ሄዱ። የዚያን ቀን የተሰማኝን ደስታ በሠርጌ ቀን አላገኘሁትም፤ ጥሩወርቅ ይህን እንዳታነብ።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን ረጅም ነው፣ ላሳጥረው። አለቆች መጡ፣ ሄዱ። የመሥሪያ ቤቱን መኪና ለበግ መጫኛ ያደረገም ነበር፤ አበላችንን አስፈርሞ የረሳም ነበር፤ በየመንገዱ የቆመ አሮጊት ሁሉ ካልጫንሁ የሚል ደግ ሰውም ነበር። መኪና ተለወጠ፣ መንገዱ አስፋልት ሆነ፣ እኔ በጆሮዬ ነዳሁ። የጡረታዬ ጊዜ ሲደርስ መኪናውን ለተረካቢው ሳስረክብ «ሦስተኛው ማርሽ ላይ ትንሽ ያጉረመርማል፣ አትፍራው» አልሁት፤ ልጁ ስለ ሰው የማወራ ይመስል አየኝ።

ወደ ሚኒባሷ ልመለስ። ሴት ልጄ ትርንጎ ደብረ ታቦር ውስጥ ባጃጅ ትነዳለች። በትንሽነቷ አሻንጉሊት ገዝቼ ብሰጣት ጎማ ገጠመችለት፤ ከዚያ ወዲህ ተስፋ ቆርጫለሁ። አንድ ቀን ከወረታ ስንመለስ አጠገቤ ተቀምጣለች።

«አባዬ፣ ቺንጊያው እየጮኸ ነው» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ቺንጊያው። ከተነሳን ጀምሮ።»

አልጮኸም አልኋት። ኮፈኑን ከፍቼ ማራገቢያውን የሚያዞረውን ቺንጊያ በአውራ ጣቴ ብጫነው እንደ ጨርቅ ገባልኝ። ልቅ ነው። እንዲህ የላላ ቺንጊያ መንገድ ሙሉ ሲያለቅስ ነው የሚውል። ዞሬ ሳያት ወደ ሌላ ቦታ እያየች ነበር፤ አባቷን ላለማሳፈር።

በሁለተኛው ሳምንት አንዲት የመዳፍ ያህል ሳጥን ይዛልኝ መጣች። ዲጂታል ጌጅ ናት። በአንድ ወገን የውሃውን ሙቀት፣ በሌላው የባትሪውን ኃይል በቁጥር ታሳያለች። የመኪናዋ የራሷ ጌጅ ከገዛኋት ጀምሮ የሞተ ነው፤ መርፌው እንደ ሰነፍ ዘበኛ መሃል ላይ ተኝቶ ሞተሩ ቢበርደውም ቢነድም አይነሳም። «ጆሮህ ቢደክም ዓይንህ አለ» አለችኝ ትርንጎ። እኔ ምን እላለሁ? የጋሽ ወርቁ ተማሪ ቁጥር እያየ ሊነዳ ነው። ግን ያ በርና ያ አጥር ትዝ አሉኝና እሺ አልሁ።

የገጠመልኝ ያሲን ነው፤ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ የወዳጄ የሐጂ ሰይድ የወንድም ልጅ። ሥራውን ቆሜ አየሁት፤ ደስ ይላል። ከሞተሩ ወደ ራዲያተር የሚሄደውን የላይኛውን ጎማ ቱቦ ቆረጠና መሃሉ ላይ አጭር የብረት ቱቦ አስገብቶ ፋሼታ በሚሉት የብረት ማሰሪያ ግራና ቀኝ አጠበቀው። በብረቱ ጎን ሙቀት የሚለካውን የነሐስ ጣት አጥልቆ ወደ ውሃው አስገባው። ሽቦውን በእግር መርገጫው በኩል አሳልፎ ከቁልፉ ጋር አገናኘው። «በቀጥታ ከባትሪው ካገናኘኋት ቆማ ስታድር ባትሪዎን ጠጥታ ታድራለች፣ ጋሽ ዘውዱ» አለኝ። መልካም ልጅ ነው።

የተጣላነው በማስጠንቀቂያው ላይ ነው። ጌጇ ሙቀቱ ሲያልፍ እንድትጮኽ ከፋብሪካ የተሞላችው ከመቶ በላይ ነው። «ቀንሰው» አልሁት። «ለምን?» አለኝ። «ባቄላ በወረታና በደብረ ታቦር እኩል ይበስላል?» አልሁት። ሳቀና ገባው። ደጋ ላይ ውሃ መቶ ሳይደርስ ይፈላል፤ የራዲያተሩ ክዳን ከደከመማ ጭራሹን። ዘጠና አምስት ላይ አደረግናት።

ደግሞ ጌጇ የማላውቀውን ነገረችኝ። ጉዞ ጀምረን እንኳ ቁጥሩ ከስልሳ ምናምን አልወጣ አለ። ያሲን «ተርሞስታት አላት?» ሲለኝ ከፍተን አየን፤ የለም። እኛ ዘንድ መኪና ሲገዛ መጀመሪያ የሚደረገው ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን የሚያግደውን ተርሞስታት ነቅሎ መጣል ነው፤ ውሃ ይዘጋል ተብሎ። እኔም ስንቱን ነቅዬ ጥያለሁ፣ ጋሽ ወርቁም ነቅለዋል። ለካ በዚህ ብርድ ሞተሮቻችን ዕድሜ ልካቸውን ሳይሞቃቸው ኖረው፣ ናፍታ ሲበሉ ኖረው ነው የሞቱት። ይህን ጆሮዬ አንድም ቀን አልነገረኝም። አዲስ ተርሞስታት ስናስገባላት ሚኒባሷ ሌላ ሆነች፤ ሰማንያ አምስት፣ ሰማንያ ስምንት ላይ ሄዳ ቁጭ አለች። በዚያ ቀን ጌጇን ወደድኋት።

ወደድኋት እንጂ ዕረፍት ነሳችኝ። መርፌ ሲሆን ወይ ደህና ነው ወይ ደህና አይደለም፤ ቁጥር ግን አንድም ደቂቃ አይተኛም። ሰማንያ ስድስት። ሰማንያ ሰባት። ለምን ሰማንያ ሰባት? ጠዋት ስድስት አልነበረም እንዴ? ሰማንያ ዘጠኝ ስትል እግሬ ከነዳጁ ላይ ብድግ ይላል፣ ሰማንያ አራት ስትል ደግሞ ምን ሆነች እላለሁ። ሐጂ ሰይድ በየገበያው ቀን ይፋግ ጨርቃቸውን ሸጠው አብረውኝ ይመለሳሉ፤ ዘወትር ከጀርባዬ ያለው ቦታ የእሳቸው ነው። «ዘውዱ፣ ጥሩወርቅን እንኳ እንዲህ አላየሃትም» ይሉኝ ነበር። ሰው ይስቃል። እኔም እስቃለሁ፤ ዓይኔ ግን እዚያው ነው። የፈራሁት ሞተሩን ብቻ አልነበረም። ያቺ ቁጥር አንድ ቀን ካታለለችኝ ሌላ መጠጊያ የለኝም።

ያን ቀን ከይፋግ ስነሳ መኪናዋ ጢም ብላለች። ከጣራ ገዳም ጸበል ተጠምቀው የሚመለሱ ጸበልተኞች ጀሪካናቸውን እግራቸው ሥር አድርገው ተጭነዋል፤ ሐጂ ከጀርባዬ ናቸው። አለም በርን አልፈን ዳገቱ ሲጠና አንድ ስሚንቶ የጫነ ተሳቢ ፊቴ ገባ። በሁለተኛ ማርሽ እየተንፏቀቀ ጥቁር ጭሱን ይተፋብኛል። ንፋስ የለም፣ ጭሱ መስታወቱን ሸፍኖታል፣ ከመታጠፊያው ማዶ ምን እንደሚመጣ አይታይም። ዓይኔ ከተሳቢው ኋላ አልተነቀለም፤ ጌጇን ረሳኋት። ጥቂት ቀጥ ያለ ቦታ ሳገኝ ሦስተኛ አስገብቼ አለፍሁት። ካለፍሁት በኋላ ጌጇን አየሁ። ሰባ ስምንት።

ደስ አለኝ። እንዲህ ያለ ዳገት ወጥታ ሰባ ስምንት። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ እኔን እያሳቀኝ ወሰደኝ። ወዲያው ሞተሩ ጉልበት አጣ። ነዳጅ ብረግጥ መልስ የለም። ከፊቴ ነጭ እንፋሎት ተነሳና ሞተሩ ታንቆ ጠፋ። በናፍታ መኪና ሞተር ሲጠፋ ፍሬኑ ድንጋይ ይሆናል፤ በሁለት እግሬ ቆምሁበት። መኪናዋ ትንሽ ወደ ኋላ ተንሸራተተች። ከኋላችን ያ ያለፍሁት ተሳቢ እየመጣ ነው። የእጅ ፍሬኑን ጎተትሁት፤ ያዘ፣ ለቀቀ፣ ያዘ። ሐጂ ሰይድ በዚያ ዕድሜያቸው ጀለቢያቸውን ሰብስበው ዘለው ወርደው ትልቅ ድንጋይ አንከባልለው ከኋላ ጎማው ሥር ወሸቁት። ቆመች። ተሳቢው ጡሩንባውን እየነፋ በጎናችን ታጥፎ አለፈ። ማንም አልተነካም፤ ተመስገን።

ሰው ሁሉ ወረደ። እኔ መሪውን እንደያዝሁ ነኝ፤ ጣቶቼ አልፈታ አሉኝ። በኋላ ወርጄ ኮፈኑን ከፈትሁት። ውሃው በራዲያተሩ ክዳን በኩል ፈልቶ፣ ተፍቶ አልቋል። ያ የነሐስ ጣት ባዶ ቱቦ ውስጥ ቀርቶ የሚለካው ውሃ አጥቶ ነው ቁጥሩ የወረደው። አንዲት ጸበልተኛ እናት ጀሪካናቸውን አቀረቡልኝ፤ ባልንጀራቸው «እማማ፣ ጸበል ለሰው ነው እንጂ ለብረት ነው እንዴ?» ብትላቸው፣ «እሱም ታመመ አይደል?» አሏት። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ቢፈስ የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታው፣ ይሰነጠቃል ብዬ አመስግኜ መለስሁላቸው። እንዲያው ነው እንጂ ቴስታታውስ ቀድሞ ሄዷል።

«ግን መጮኽ ነበረባት» አልሁ ለራሴ፣ ጮክ ብዬ። «ዘጠና አምስት ላይ ትጮኻለች። ለምን አልጮኸችም?»

ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ።

«ጮኸች እኮ» አለች አንዷ ቀስ ብላ። «ከተሳቢው ኋላ ሳለን። ጢጥ ጢጥ ጢጥ ስትል ነበር።»

«እኔ ስልክዎ መስሎኝ» አለ ሌላው። አሮጊቷ፣ «ሹፌሩ እያወቀ ነው ብለን ነዋ፣ ልጄ» አሉኝ። ሐጂን አየኋቸው። ሐጂ ወደ መኪናዋ ውስጥ በአገጫቸው አመለከቱ። ከመስታወቱ በላይ በትልቁ አስጽፌ የለጠፍሁት አለ፦ ዳገትና ቁልቁለት ላይ ሹፌሩን ማነጋገር ክልክል ነው። በዚህ መስመር የሚሄድ ሁሉ የኔን ጠባይ ያውቃል፤ ዳገት ላይ የተነፈሰ ከወረታ በእግሩ ይሂድ የምል ሰው ነኝ። ሞተሩ እየነደደ፣ ጌጇ እየጮኸች፣ አንድ መኪና ሙሉ ሰው አክብሮኝ ዝም አለ።

ጥግ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ሐጂ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ዘውዱ፣ እኔስ ዝም አላልሁም» አሉኝ። «እንፋሎቱን ሳይ ደንብህን ትቼ ቁም አልሁህ። ሁለት ጊዜ ጮኽሁ። ከጀርባህ ነኝ እኮ።»

እሳቸው እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉና፣ «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» አሉ። ነገሩ የታወቀ አባባል ነው፤ እንደዚያ ቀን ግን ገብቶኝ አያውቅም።

ሚኒባሷ ተጎትታ ጋራዥ ገባች። ቴስታታው ተጣሞ ነበር፣ ተላጨ፤ ክዳኑ ተለወጠ። ያሲን እንደ ጥፋተኛ እየተሽቆጠቆጠ መጣ። ጥፋቱ የሱ አይደለም፤ ጌጇም የታዘዘችውን ሠርታለች። «ጋሽ ዘውዱ፣ ድምፁን ወፍራም አደርግልዎታለሁ። ካልሆነ ትልቅ ቀይ መብራት ፊት ለፊትዎ፤ ላያዩት አይችሉም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ይቻላል። ሁለት ቀን አሰብሁበት፤ ከበር እስከ አጥር፣ ከአጥር እስከ በር። መብራቱ ስለ ውሃው ይነግረኛል። ከጀርባዬ ቁም የሚለኝን ሰውስ ምን መብራት ይነግረኛል? ከመኪናዋ ሥር ልጅ ገብቷል ቢሉኝስ? በሦስተኛው ቀን ያሲንን «መብራቱን ግጠም፤ ለትርንጎ ይሆናታል» አልሁት።

ትርንጎ ሕዝብ አንድ መንጃ ፈቃድ ካወጣች ቆይታለች፤ አንድም ቀን ስጠኝ ብላኝ አታውቅም። ቁልፉን ስሰጣት ዓይኗ እንባ ሞላ፣ እኔም ተቆጣሁ፤ ሌላ የማውቀው ነገር የለኝማ። «ጌጇ ስትወርድም ቁሚ፣ ስትወጣ ብቻ አይደለም» አልኋት። «ከመስታወቱ በላይ ያለውንም ጽሑፍ ፍቀሽ ጣይው።»

«ፍቄዋለሁ» አለችኝ። «ከእኔ ጋር አትመጣም?»

«አልመጣም። አጠገብሽ ከተቀመጥሁ እኔ ነኝ የምነዳው፤ ታውቂኛለሽ።»

በማግስቱ ጠዋት አስፋልቱ ዳር ወጥቼ ቆምሁ። ትርንጎ ከመናኸሪያ ሰው ሞልታ ወጣች። ባጃጆቹን ቀስ ብላ አልፋ፣ ማርሽ ስትቀይር ትከሻዋን አይቼ ልክ ነው አልሁ። አጠገቤ ስትደርስ ሱቅ በረንዳ ላይ የተቀመጡት ሁሉ ድንገት ዞረው አዩኝ፤ አንዱ ሕፃንም ጆሮውን በሁለት እጁ ያዘ። ክላክስ እንደነፋችልኝ ከፊታቸው አወቅሁ። እኔም የሰማሁ መስዬ እጄን አነሳሁላት።